ጽሞናና አገልግሎት በሰው ቤት

በዚህ ወር ልንማማርበት የወደድነው ጉዳይ ዓርብ ስንገናኝም፣ በስልክም ደጋግማችሁ የጠየቃችሁን ነው። ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ «ሀገሬ ሳለሁ ሰንበት ትምህርት ቤት ነበርኩ፤ ማኅበር ነበረኝ። እዚህ ግን ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ሥራ ላይ ነኝ። ነፍሴ ደረቀች። ምን ላድርግ?»

ይህን የምትጠይቅ እኅት ብዙውን ጊዜ መልሱንም ራሷ ትጨምርበታለች፤ «ኮንትራቴን ጨርሼ ሀገሬ ስገባ እመለስበታለሁ» ትላለች። እኛም እንዲህ ስንል ነበር። ከመካከላችን አንዷ ይህንኑ እያለች ሦስት ጊዜ ኮንትራት አድሳለች፤ ስድስት ዓመት ማለት ነው። ስለዚህ ዛሬ ለመማማር ያሰብነው «ሲመቸን» ስለምናደርገው ነገር አይደለም። እዚሁ ጀህራ፣ በሰው ቤት ውስጥ፣ አሁን ሊደረግ ስለሚችለው ነው።

እናቶቻችንና ወንድሞቻችን ጽሞናን ከአገልግሎት ጋር አያይዘው የሚኖሩባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። የምናውቃቸውን ጥቂቶቹን እንይና ወደራሳችን እንመለስ።

ጽዋ ማኅበርን ለእናንተ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ሁላችንም አድገንበታል። ነገር ግን ልጅ ሆነን ዳቦውን ስንጠብቅ አሠራሩን ልብ አላልነውም። ቀኑ የታወቀ ነው፤ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም። የሚሰበሰቡት ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ጽዋው በየተራ ከቤት ወደ ቤት ይሄዳል፤ ዛሬ የተረከበችው ለሚቀጥለው ወር አዘጋጅ ናት። ካህኑ ይጸልያሉ፤ ይመክራሉ። ደጅ የቆመ ነዳይ ሳይበላ አይሄድም። የቀረ ሰው ካለ «ምን ሆኖ ነው?» ይባላል፤ ታሞም ከሆነ በማግሥቱ ይጠየቃል። እንግዲህ አስተውሉ፤ ይህ ሁሉ የሚያዘው በስሜት ሳይሆን በተራ ነው። «ዛሬ ልቤ አልተነሣሣም» ብላችሁ መቅረት አትችሉም፤ ጽዋው ቤታችሁ ነውና። ሙሴው ይጠብቃችኋል፤ ጎረቤት ይጠብቃችኋል። ደካማ ሰው ብርቱ በሆነበት ቀን የገባው ቃል ደካማ በሆነበት ቀን ይሸከመዋል።

«እነርሱ በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ ጊዜያቸው ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው። ስለዚህ ጊዜያቸው የራሳቸው ስላልነበረ ሰዎች እንጨምር። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት ወደ መተከልና ወደ ጋምቤላ ለሚሰፍሩ ወገኖች ጎጆ እንዲሠሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተልከው ነበር። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ተማሪዎች ለውትድርና ሥልጠና ወደ ብላቴ ተወሰዱ። መቼ እንደሚነሡና መቼ እንደሚተኙ የሚወስንላቸው ሌላ ሰው ነበር። በእነዚህ ቦታዎች ላይ ግን ጥቂቶቹ ከሥራና ከሥልጠና በተረፈችው ሰዓት ለጸሎት ይሰበሰቡ ጀመር። ከእነርሱ ቀደም ብሎ አቡነ ጎርጎርዮስ በዝዋይ ሐመረ ብርሃን ቅዱስ ገብርኤል ገዳም ወጣቶችን እየሰበሰቡ ያስተምሩ ነበር፤ እርሳቸው በ1982 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ቢያርፉም ያስተማሯቸው ልጆች አልተበተኑም። ከነዚህ ጅምሮች ነው በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳን የተመሠረተው። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ያለው ግቢ ጉባኤም በዚሁ መንገድ የሚሄድ ነው፤ ተማሪው ከክፍል ውጭ ባለው ሰዓት ይማራል፣ ይዘምራል፣ የታመመ ጓደኛውን ያስታምማል። የተጀመረው ግን በካምፕ ነው፤ ሰዓቱ የራሱ ባልሆነ ሰው።

ሦስተኛው ምሳሌያችን አንዲት ሴት ናቸው። ወይዘሮ አበበች ጎበና በልጅነታቸው ተድረው፣ ከዚያ ትዳር አምልጠው አዲስ አበባ የገቡ ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1980 እንደ ማንኛውም ምእመን ለመሳለም ወደ ግሸን ማርያም ተጓዙ። በወሎ ያገኙት ግን ረሃብ ነበር። በመንገድ ዳር ከሞተች እናቷ ጎን ያለች ሕፃን አዩ። የያዙትን ዳቦና ጸበል አከፋፍለው፣ ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በአንድ ዓመት ውስጥ ልጆቹ 21 ደረሱ። ትዳራቸው በዚህ ምክንያት ፈረሰ፤ እርሳቸውም ምግብ እያዘጋጁ በመሸጥ ልጆቹን አሳደጉ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ሲያርፉ በሺህ የሚቆጠር ሕፃን በድርጅታቸው በኩል አድጎ ነበር። እኛ ስለ እርሳቸው ስናስብ ደጋግመን የምናነሣው ነገር አለ፤ ሴትዮዋ የሄዱት ለበጎ አድራጎት አልነበረም፤ ለጸሎት ነበር። ያ ጸሎት ግሸን ላይ አልቆመም፤ በእቅፋቸው ሆኖ አዲስ አበባ ገባ።

ዛሬም እንዲሁ ነው። በ2002 ዓ.ም. በቢንያም በለጠ የተመሠረተውን የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማእከል የማታውቁ የላችሁም፤ ከዚህም ገንዘብ የምትልኩ አላችሁ። እዚያ ሰው ሠርጉን፣ ልደቱን ከአረጋውያን ጋር ያከብራል፤ ገላ የሚያጥብ፣ ጥፍር የሚቆርጥ፣ የሚያጎርስ አለ። ገንዘብ መላክ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም አገልግሎት ማለት ገንዘብ መላክ ብቻ ከመሰለን፣ ደመወዝ በቀረበት ወር አገልግሎታችንም ይቀራል።

አሁን ወደ ጀህራ እንመለስ፤ የራሳችንን ስሕተትም እንናገር።

እንደምታውቁት ጀህራ ከኩዌት ከተማ በስተምዕራብ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አብያተ ክርስቲያናቱ ያሉት በከተማው፣ በሳልሚያ፣ በአሕመዲ በኩል ነው። በበጋ እዚህ አውራጃ ውስጥ በሚትሪባ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 የተመዘገበው ሙቀት 53.9 ዲግሪ ሲሆን፣ በዓለም ከተለኩት ከፍተኛ ሙቀቶች አንዱ ነው፤ አውቶቡስ እየጠበቁ መቆም ምን እንደሚመስል የቆመ ያውቀዋል። ስለዚህ ጥቂት እኅቶች ሆነን እዚሁ አጠገባችን፣ ከባለቤቷ ጋር በምትኖር አንዲት እኅታችን ቤት በ21 የማርያም ጽዋ ጀመርን። 21 ዓርብ ላይ ስለማይውል ከሁሉ የሚቀርበውን ዓርብ መረጥን። መጀመሪያ መልካም ነበር። ሦስተኛው ዙር ላይ ግን ነገሩ ተለወጠ። አንዷ ዶሮ ሠራች፤ ሌላዋ ዶሮና ክትፎ፤ ቀጥሎ ኬክ መጣ፤ ከዚያም «አንድ ዓይነት ቀሚስ እናሰፋ» ተባለ። በወር 75 ዲናር የምታገኝ አንዲት እኅታችን ተራዋ ሊደርስ ሲል ጠፋች። ስልክ አታነሣም። እኛም «ቀዘቀዘች» አልን፤ ስለ መቀዝቀዟም ጸለይንላት። ዓመት ካለፈ በኋላ ነው ቀዝቅዛ ሳይሆን አፍራ እንደቀረች የሰማነው። ያን ቀን የተሰማንን ኀፍረት እዚህ አንጽፈውም፤ ይቅርታ ግን ጠይቀናል።

ከዚያ ወዲህ ደንቡ ይህ ነው፤ አዘጋጇ ዳቦ፣ ቆሎና ሻይ ብቻ ታቀርባለች። ተጨማሪ ያመጣች ትመልሰዋለች (አንድ ጊዜ አንድ ድስት ሽሮ በእውነት ተመልሷል፤ እስከ ዛሬ እንስቅበታለን)። የቻለች አንድ ዲናር በሣጥን ትጨምራለች፤ ያልቻለች አትጠየቅም፤ ማን እንደጨመረም አይመዘገብም። ሣጥኑ ለታመመች፣ ደመወዝ ለተከለከለች፣ ለቲኬት ለጎደለባት ነው። ዓርብ መውጣት የማትችለዋም ተራ አላት። ጽዋው በእጇ ባይደርስም በዚያ ወር ስለ ምን እንደምንጸልይና ማንን እንደምንጠይቅ የምትወስነው እርሷ ናት፤ በአንዲት አጭር መልእክት ትልክልናለች።

የስልኩ ነገርም እንዲሁ ተምረንበት ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ ተዘግተው ሳለ፣ ከግንቦት 2 እስከ 22 በኩዌት ሙሉ የሰዓት እላፊ ታወጀ። በዚያን ጊዜ በዋትስአፕ ቡድን አበጀን። ለብዙዎቻችን ያች ቡድን የሕይወት ገመድ ነበረች። ሰዓት እላፊው ሲነሣ ግን ቡድኑ የወሬ ገበያ ሆነ፤ የአሥር ደቂቃ ድምፅ፣ የማን ባል ምን አለ፣ ያልተጣራ ትንቢት። ሌሊት ስልኳ ሲጮኽ የሰማች አሠሪ የአንዷን ስልክ ወሰደችባት። እኛ ነን ያስወሰድንባት ማለት ይቻላል። አሁን የሚላከው ዓርብ ጠዋት አንድ መልእክት ብቻ ነው፤ ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም። አንድ የዳዊት መዝሙር ይጠቆማል፤ ከዚያ አንድ ሥራ ይሰጣል። «አዲስ ለመጣች አንዲት ልጅ ደውሉ።» «የሐዋላ ወረቀት መሙላት ለማትችል ሙሉላት።» አንድ ሳምንት የተሰጠው ሥራ ለአዲስ ሰው ስለ ማጽጃ መንገር ነበር፤ ክሎሮክስን ከሌላ ማጽጃ፣ ይልቁንም ከአሲድ ጋር መቀላቀል መርዘኛ ጋዝ ያወጣል፤ በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሰው ይጥላል። ይህ ስብከት አይመስልም። እኛ ግን አገልግሎት ብለን ቆጥረነዋል፤ ዐረብኛ ማንበብ የማትችል ልጅ ጽሑፉን ከጠርሙሱ ላይ አታገኘውምና።

ስለ ጽሞና ደግሞ እንነጋገር። ገጻችንን የተለያየ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ታነቡታላችሁ፤ አንዳችሁ «ጽሞና» ትላላችሁ፣ ሌላችሁ «የጥሞና ጊዜ»፤ ነገሩ አንድ ነው፤ በጸጥታ ራስን በእግዚአብሔር ፊት ማግኘት። ሁላችሁም የምትሉን ግን «ጸጥታ የት አለ?» ነው። እዚህ ላይ ከካቶሊክ ወገን አንድ ምክር እንዋሳለን። ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ እ.ኤ.አ. በ1521 በጦርነት እግሩን በመድፍ ተመትቶ አልጋ ላይ ሳለ ሕይወቱን መመርመር የጀመረ ወታደር ነበር። ኋላ ያዘጋጀው የሱባኤ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1548 ታተመ። ሱባኤው በሙላት ሲደረግ ከሰው ተለይቶ ሠላሳ ቀን ያህል ይፈጃል። ነገር ግን በመጽሐፉ መግቢያ ካሉት ሃያ ማስታወሻዎች 19ኛው ሥራውን ትቶ መሄድ ለማይችል ሰው የተጻፈ ነው፤ በዕለት ኑሮው ውስጥ ሆኖ፣ በየቀኑ ጥቂት ጊዜ ወስዶ፣ በረዥም ወራት እንዲፈጽመው ይፈቅዳል። በሀገራችን ታሪክ የኢየሱሳውያን ስም ከዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ጋር ተያይዞ በመልካም እንደማይነሣ እናውቃለን። 19ኛው ማስታወሻ ግን ለቤት ሠራተኛ የተጻፈ እስኪመስል ድረስ ይስማማናል።

ከእርሱ ትምህርት አንዱ ቀኑን በማታ መመርመር ነው፤ አመስግኖ፣ ብርሃን ለምኖ፣ ቀኑን በተራ አስታውሶ፣ ላጠፉት ይቅርታ ጠይቆ፣ ነገን አደራ ሰጥቶ መተኛት። አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። እኛ ጀህራ ላይ ሰዓት በሰዓት ማስታወስ አልሆነልንም፤ ሰዓቱ ሁሉ አንድ ይመስላል። ስለዚህ በክፍል በክፍል አደረግነው። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ዛሬ ባጸዳችሁት ቤት ውስጥ እንደገና ሂዱ። ማድቤቱ፦ እዚያ ምን ሆነ? ደረጃው፦ ማን አለፈ? የልጆቹ ክፍል፦ ትንሹ ልጅ ምን አለኝ? ዲዋኒያው፦ ሻይ ሳቀርብ ልቤ የት ነበር? አንዲት እኅታችን እንዲህ ስታደርግ ቀኑን ሙሉ ያላየችውን ነገር አገኘች፤ ሽባ የሆኑት የቤቱ አያት ትራሳቸውን ስታስተካክል እጇን ይዘው እንደነበር። ስትሮጥ አላስተዋለችውም።

በረመዳን ሌሊቱ ቀን ይሆናል፤ ሥራ ይበዛል። ቢሆንም ለሱሑር የሚነሣበት ሰዓት አባቶቻችን ለሌሊት ጸሎት የሚነሡበት ሰዓት ነው። ሩዙ እስኪበስል ቆማችሁ የምትጸልዩት ጸሎት ጸሎት አይደለም ያላችሁ ማን ነው? ስለ ጾማችሁ ለአሠሪያችሁ በትሕትና ብትነግሩም አብዛኞቹ ይረዳሉ፤ እነርሱም የሚጾሙ ሰዎች ናቸውና። በቤቱ ልጆች ፊት ግን ስለ ሃይማኖት ክርክር አትግቡ፤ ለእናንተም ለእነርሱም አይበጅም።

አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ይህ ሁሉ ትምህርት ጉዳት ይሆናል ብለን እንፈራለን። ራስን መመርመር ማለት በራስ ላይ የተደረገን በደል የራስ ጥፋት ማድረግ አይደለም። «ማዳም የመታችኝ በኃጢአቴ ነው» ብላ የጻፈችልን እኅት አለች። አይደለም፤ እኅታችን። የመታሽ የመታሽ ነው። ደግሞም አገልግሎት የሚባለው ሰው በፈቃዱ የሚሰጠው ነው። ደመወዝ ተከልክላችሁ፣ ዕረፍት ተነፍጋችሁ የምትሠሩትን «መስቀሌ ነው፤ አገልግሎቴ ነው» እያላችሁ ስም አትስጡት። ሲነጠቁ ዝም ማለት ሌላ ነው፤ መስጠት ሌላ ነው። በኩዌት እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 የሥራ ሰዓት በቀን ከ12 እንዳይበልጥ፣ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ከነክፍያው፣ በዓመት የ30 ቀን ፈቃድ እንዲኖር ያዛል፤ አሠሪም ያለ ሠራተኛዋ ፈቃድ ፓስፖርቷን እንዳይዝ ይከለክላል። ሕጉ በየቤቱ እንደማይሠራ ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ቢሆንም መብታችሁ መሆኑን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ጥሩ ቀን መርጣችሁ፣ በለሰለሰ አፍ፣ ዓርብ ሁለት ሰዓት እንኳ ብትጠይቁ ያገኛችሁ ብዙዎች ናችሁ። ድብደባ ወይም መደፈር ካለ ግን ማኅበርና ጽዋ አትጠብቁ፤ 112 ደውሉ፤ ለኤምባሲያችን አሳውቁ፤ ከቻላችሁም ለአንዷ እኅት ንገሩ። ይህን ማድረግ ትዕግሥት ማጣት አይደለም።

ባለፈው ዓመት ተራዋ የነበረች፣ ዓርብ የማትወጣ አንዲት እኅት በመልእክቷ ማንን እንድንጠይቅ ወሰነችልን። ጎረቤት ቤት የምትሠራ ልጅ ደረጃ ላይ ወድቃ እግሯ ተሰብሮ ጀህራ ሆስፒታል ተኝታለች፤ ስሟን እንጂ ሌላ አታውቅም፤ በግንብ በኩል ብቻ ተነጋግረው ያውቃሉ። ሁለት ሁለት ሆነን በየተራ ሄድን። መጀመሪያ ቀን ብርቱካንና መዝሙረ ዳዊት ይዘን ነበር፤ ልንጸልይላት፣ ልናጽናናት ተዘጋጅተን። ልጅቱ ግን ለብዙ ጊዜ አላናገረችንም። ኋላ «ምን እናምጣልሽ?» ስንላት፣ ፀጉሯ ከወደቀች ጀምሮ እንዳልተፈታ ነገረችን። ሹሩባ እንድንሠራት ብቻ ነበር የፈለገችው። ከሁለታችን አንዳችንም ጥሩ ሠሪ አልነበርንም፤ ሁለት ሰዓት ፈጀብን፤ መለያው ጠመመ። ነርሷ መጥታ ሳቀች። እርሷም ሳቀች።

ጽሑፉን ስናዘጋጅ ልጅቱ በክራንች መሄድ ጀምራለች። የሚቀጥለው ወር ተረኛ እርሷ ናት። ዓርብ እንድትወጣ ስላልተፈቀደላት ስለ ምን እንደምንጸልይ በስልክ እየጠበቅን ነው።